ቆጥ ላይ ያለ ዋስትና፦ የአየር ንብረት ለውጥ፣ አነስተኛ የዶሮ አርቢዎችና የቤተሰብ ማዕድ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበና ለንባብ በጥቂቱ የተስተካከለ)



የዛሬውን ርዕስ ባሳወቅሁ ጊዜ አንድ ባልደረባዬ «ስለ ዶሮ ብቻ አንድ ሰዓት ሙሉ ልትናገር ነው?» ሲል በፈገግታ ጠይቆኝ ነበር። ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም ውስጡ እውነት አለው። በእኛ የግብርና ትምህርት በሬው የእርሻ ጉልበት፣ ላሟ የወተት ምንጭ፣ በጉና ፍየሉ የክፉ ቀን ጥሪት ተብለው በየተራ ክብር ሲያገኙ፣ ዶሮ ግን የጓሮ ነገር ተብላ ትታለፋለች። እኔ ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ የዚህ ተቃራኒ ነው። የአየር ንብረት ለውጥ በአንድ ድሃ ቤተሰብ ማዕድ ላይ በምን በምን መንገድ እንደሚደርስ ለማወቅ የፈለገ ሰው፣ ወደ ቤቱ ዘልቆ ቀና ብሎ ቆጡን ቢመለከት ብዙ ይማራል።

ነገሩን በመጠኑ እንጀምር። በአገራችን ከ50 ሚሊዮን በላይ ዶሮዎች እንዳሉ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ የእንስሳት ቆጠራ ናሙናዎች ያሳያሉ። ከአራቱ ሦስት ያህሉ አገር በቀል ናቸው። ዶሮ በምድራችን እንግዳ አይደለችም፤ በትግራይ መዝበር በተባለ ሥፍራ የተገኙ የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደነበረው የመጀመሪያ ሺህ ዓመት ይወስዱናል። እነዚህ ዶሮዎች በአብዛኛው የሚገኙት በትልልቅ እርባታ ድርጅቶች ውስጥ ሳይሆን አምስት፣ ስድስት፣ ሲበዛም አሥር ሆነው በገጠር ቤተሰብ እጅ ነው። ቀን ጭረው ይበላሉ፣ ማታ ቆጥ ላይ ያድራሉ። አንዲት የአበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ ለእንቁላል ተብለው የተዳቀሉት የውጭ ዝርያዎች ግን መኖአቸውና አያያዛቸው ከተሟላ ወደ 300 ይደርሳሉ። ይህን ልዩነት በአእምሯችሁ ያዙት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ላብ የሌላት ፍጡር

የአየር ንብረት ለውጥ ስንል ብዙ ጊዜ የሚታየን የደረቀ ወንዝና የተሰነጠቀ መሬት ነው። የሙቀቱ መጨመር ግን ድርቅ በሌለበት ዓመትም ሥራውን ይሠራል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት የኢትዮጵያ አማካይ የሙቀት መጠን በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ጨምሯል። ከዚሁ ጋር ሞቃታማ ሌሊቶች በቁጥር በዝተዋል። አንድ ዲግሪ ከፍ ቢል ሰው ኩታውን ያወልቃል፤ ዶሮ ግን ላባዋን አታወልቅም።

ዶሮ የላብ ዕጢ የላትም። የአካሏ ሙቀት ከ41 እስከ 42 ዲግሪ ሲሆን፣ ከዚያ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ካለ ትሞታለች። ለእንቁላል ጣይ ዶሮ የሚመቸው የአካባቢ ሙቀት ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ባለው ወሰን ነው። ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋና ሲያልፍ፣ ክንፏን ከጎኗ አርቃ ትዘረጋለች፣ አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ማለክለክ ከመተንፈሻ አካሏ ውኃን እያተነነ ያቀዘቅዛታል። ስለዚህ አየሩ ሞቃትና እርጥብ በሆነ ጊዜ፣ ማለትም ውኃው በቀላሉ በማይተንበት ጊዜ፣ ያው 32 ዲግሪ ከደረቁ አገር ይልቅ ይከፋባታል።

ማለክለክ ዋጋ ያስከፍላል። ዶሮዋ በብዛት ባለከለከች ቁጥር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሟ ይወጣል፤ የደሟ የአሲድ ሚዛንም ይዛባል። የእንቁላል ቅርፊት ከመቶው 95 እጅ ያህሉ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ይህ ሚዛን ሲዛባ ቅርፊቱን የሚሠራው ንጥረ ነገር ያጥራል። በመሆኑም በሙቀት ወራት ቅርፊቱ የሳሳ፣ ገበያ ሳይደርስ የሚሰበር እንቁላል ይበዛል። በተጨማሪም ምግብ መፍጨት ራሱ ሙቀት ያመነጫልና ዶሮዋ መብላት ትቀንሳለች፤ ስትቀንስ እንቁላሏ ያንሳል፣ ይቆማልም። አርቢዋ ይህን ሁሉ የምታየው እንዲህ ብላ ነው፦ «ዶሮዬ ሰነፈች።» ዶሮዋ ግን አልሰነፈችም፤ ሕይወቷን ለማትረፍ እንቁላሏን ሠዋች።

በቀላሉ የማናስተውለው ሌላ ጉዳት አለ። አንዲት የገጠር እናት ዶሮዋን ለማስታቀፍ እንቁላሎችን ለቀናት ታጠራቅማለች። በእንቁላሉ ውስጥ ያለው ሽል ሳያድግ ተኝቶ የሚቆየው ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ብዙ ሳያልፍ ሲቀር ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ገና ሳይታቀፍ ያለ ሥርዓት ማደግ ይጀምርና ይሞታል። የጓዳው ሙቀት ሲጨምር ከታቀፉት እንቁላሎች ውስጥ ባዶ የሚሆኑት ይበዛሉ። ኪሳራው የተፈጠረው ከመታቀፉ በፊት ቢሆንም ተጠያቂ የምትደረገው ታቃፊዋ ዶሮ ናት።

አንድ የራሴ ስህተት

ይህን ሁሉ ዛሬ በልበ ሙሉነት የምናገረው አንድ ጊዜ አለማወቄ ሰው ስለጎዳ ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ በተመለስሁ ማግስት፣ በስምጥ ሸለቆ ቆላማ ክፍል ለእማወራዎች የውጭ ዝርያ ቄቦችን በሚያከፋፍል አንድ ፕሮጀክት ውስጥ ተሳትፌ ነበር። የዶሮ ቤቱን ንድፍ ያወጣሁት እኔ ነበርሁ። ግድግዳው በጭቃ እስከ ላይ የተመረገ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ አንድ። ንድፉ የተቀዳው ለቀዝቃዛ አገር ከተጻፈ መጽሐፍ ሲሆን፣ ዋና ጭንቀቱም ነፋስና ብርድ ማስቀረት ነበር።

መጋቢት ገባ። ሦስት ተከታታይ ቀናት አየሩ እንደ ምጣድ ጋለ። ለጉብኝት ስንደርስ ሃያ ቄቦች የተሰጣቸው አንዲት እናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሞተውባቸው፣ የቀሩትን አውጥተው ከግራር ሥር በገመድ አስረዋቸው አገኘናቸው። ቤቱን እያሳዩኝ፣ «ልጄ፣ ይህን እኮ የሠራህልኝ ለዶሮ አይደለም፤ ለእንጀራ ነው። ምጣድ ብጥድበት ይሻል ነበር» አሉኝ። የአበሻ ዶሮዎቻቸው ግን ከአጥር ሥር ጥላ ይዘው ተኝተው ነበር። አንዷም አልሞተችም።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ «አገር በቀል እውቀት አሸነፈ» ብለን በጭብጨባ እንለያይ ነበር። አላበቃም። በዚያው ክረምት መግቢያ ፈንግል ገባና የአበሻ ዶሮዎቹን በአንድ ሳምንት ጠረገ። የተረፉት ከግራሩ ሥር የነበሩት፣ እኛ ቀድመን የከተብናቸው ጥቂት ቄቦች ነበሩ። እኚህ እናት እኛ የማናውቀውን ያውቁ ነበር፤ እኛም እሳቸው የሌላቸውን ይዘን ነበር። ሁለቱ ግን አንድ ላይ አልተቀመጡም።

ለመኖ የተበደሩትን ገንዘብ ለመክፈል ሁለት ፍየል ሸጡ። እኔ ደግሞ ቢሮዬ ተመልሼ ሪፖርት ጻፍሁ። በሪፖርቱ ላይ የሞቱትን ቄቦች ምክንያት በሁለት ቃላት አስፍሬዋለሁ፦ «የአያያዝ ጉድለት»። የማን አያያዝ? ሪፖርቱ አይልም። አንባቢው ግን የአርቢዋ ነው ብሎ ይረዳል። እነዚያ ሁለት ቃላት ዛሬም በተማሪዎቼ የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ሲመጡ ያስደነግጡኛል።

ፈንግልና ዝናብ

ሙቀት ያዳክማል፤ የሚገድለው ግን ብዙ ጊዜ በሽታ ነው። ፈንግል በአገራችን የገጠር ዶሮ ቀንደኛ ጠላት ነው። ገበሬዎች «ከበልግ እስከ ክረምት መግቢያ ይመጣል» ይላሉ፤ ከበዓላት ጋርም ያያይዙታል። ሁለቱም ምክንያት አላቸው። በፋሲካ ሰሞን ዶሮ ከቀበሌ ቀበሌ፣ ከገበያ ገበያ ይጓዛል፤ ሳይሸጥ የተመለሰው ዶሮም ቫይረሱን ይዞ ወደ ቆጡ ይመለሳል። የወቅቶች መዛባት በዚህ ላይ ይጨመርበታል። በሙቀትና በመኖ እጦት የተጎዳች ዶሮ በሽታ የመከላከል አቅሟ ይቀንሳል። ዝናቡ ያለ ጊዜው ሲመጣ ደግሞ ላባ ያላወጡ ጫጩቶች በብርድ ይጨራመታሉ። ብዙዎቹ ሁለት ወር ሳይሞላቸው የሚያልቁት በዚህ፣ በጭልፊትና በሸለምጥማጥ ነው።

መፍትሔው በእጃችን አለ። ሙቀትን የሚቋቋም፣ አይ-2 የሚባል የፈንግል ክትባት በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ለገጠር ዶሮ ታስቦ ተሠርቷል፤ በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትም ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ያመርታል። በዓይን አንድ ጠብታ፣ በየአራት ወሩ፤ መርፌም ልዩ ሙያም አይጠይቅም። ታዲያ ለምን አይዳረስም? አንዱ ምክንያት ጠርሙሱ ነው። ክትባቱ የሚታሸገው ለብዙ ዶሮ ነው፤ እማወራዋ ያሏት ስድስት ናቸው። ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ የአንዲት እናት ዶሮ እንዲከተብ የሃያ ጎረቤት ዶሮ በአንድ ማለዳ፣ ገና ከቆጥ ሳይወርድ፣ መሰብሰብ አለበት። ይህ የእንስሳት ሕክምና ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የዕድርና የቡና ማኅበር ጉዳይ ነው። በየመንደሩ አንዲት ወጣት ሠልጥና ለጠብታው አነስተኛ ዋጋ እየተከፈላት ሥራው ቢያዝ፣ ከብዙ ውድ ቴክኖሎጂ የበለጠ እንደሚያድን አምናለሁ።

መኖና ጄሪካን

አሁን ወደ ከተማ ዳርና ወደ ወጣት ማኅበራት እንምጣ፤ መቶ ወይም ሁለት መቶ ዶሮ ይዘው ወደሚሠሩት። በእነዚህ ዘንድ ከጠቅላላው ወጪ ከ60 እስከ 70 ከመቶ የሚሆነው መኖ ነው። መኖው በዋናነት በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ ነው። አንዲት እንቁላል ጣይ በቀን 120 ግራም ያህል ትበላለች። መቶ ዶሮ በቀን 12 ኪሎ፣ በወር ከሦስት ኩንታል ተኩል በላይ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ብዙው በቆሎ ነው። በቆሎ የሰው ቀለብ ነው። ዝናብ በቀረ ዓመት በቆሎ ሲወደድ አርቢው ሁለት ጊዜ ይመታል፦ አንድ ጊዜ በዶሮው መኖ፣ ሌላ ጊዜ በራሱ ማዕድ። በኤልኒኖ ምክንያት በ2008 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ አስፈልጎታል። በእንዲህ ያለ ዓመት ለዶሮ እህል መግዛት በኢኮኖሚም በኅሊናም ይከብዳል።

ጭራ የምታድር የአበሻ ዶሮ በዚህ በኩል ልዩ ናት። ትልን፣ ምስጥን፣ የወደቀ ፍሬንና የወጥ ቤት ትርፍራፊን፣ ማለትም ለሰው የማይሆነውን፣ ለሰው ወደሚሆን ትለውጣለች። ነገር ግን እርሷም ከዝናብ ነፃ አይደለችም። ምድር ስትደርቅ ትል ይጠፋል፤ አዝመራ ሲከሽፍ ከአውድማ የሚለቀም አይገኝም።

ስለ ውኃ ደግሞ አንድ ስሌት ላቅርብ። ዶሮ በተስማሚ አየር የምትበላውን ሁለት እጥፍ ያህል ትጠጣለች፤ በሙቀት ጊዜ ይህ እጥፍ ይሆናል፣ ይበልጣልም። ለመቶ ዶሮ አንድ ጄሪካን ይበቃ የነበረው ሁለትና ከዚያ በላይ ይሆናል። ምንጩም የሚርቀው በዚያው ወቅት ነው። ጄሪካኑን የሚሸከመው ማን ነው? ብዙ ጊዜ እናትና ሴት ልጅ ናቸው። «ለዶሮዎች በቂ ንጹሕና ቀዝቃዛ ውኃ ማቅረብ» ብለን በሥልጠና መመሪያ የምንጽፈው አንድ መስመር በተግባር አንዲት ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የምትደርስበትን ሰዓት ይወስናል። የመላመድ እርምጃ ሁሉ ጉልበት ይጠይቃል፤ የማን ጉልበት እንደሆነ የማይጠይቅ ምክር ግማሽ ምክር ነው።

የምግብ ዋስትና በእንቁላል ሲለካ

እ.ኤ.አ. በ1996 ሮም ላይ የተካሄደው የዓለም የምግብ ጉባኤ ባስቀመጠው ትርጓሜ መሠረት የምግብ ዋስትና አራት ምሰሶዎች አሉት እንላለን፦ የምግብ መኖር፣ የማግኘት አቅም፣ በአካል መጠቀምና ይህ ሁሉ ሳይናወጥ መዝለቁ። ዶሮ አራቱንም ትነካለች፤ እኔ ግን ሦስቱን ለይቼ ላንሳ።

ስለ ማግኘት አቅም። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የወሎን ረኀብ ጨምሮ፣ ሰዎች የሚራቡት ሁልጊዜ እህል ከገበያ ስለጠፋ ሳይሆን የያዙት ንብረት እህል መግዛት ሲያቅተው እንደሆነ አስረድቷል። ይህን በዶሮ ቋንቋ ብንተረጉመው፣ ጥያቄው «ስንት ዶሮ አለሽ?» ሳይሆን «አንድ ዶሮ ስንት ጣሳ እህል ይገዛል?» ይሆናል። በድርቅ ዓመት ሁሉም በአንድ ጊዜ ዶሮውን ይዞ ወደ ገበያ ይወጣል፤ ዶሮ ይረክሳል፣ እህል ይወደዳል። ከላም ወይም ከበሬ ጋር ስትነጻጸር ግን ዶሮ አንድ ብልጫ አላት፤ በትንሽ በትንሹ ትሸጣለች። ለጨውና ለዘይት፣ ለደብተርና ለመድኃኒት በሬ አይሸጥም።

ስለ መዝለቅ። የአገራችን የእንቁላልና የዶሮ ገበያ የሚመራው በቀን መቁጠሪያ ነው። በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀናት እንቁላል ገዢ ያጣል፤ በፋሲካ ዋዜማ የዶሮ ዋጋ ሰማይ ይነካል። እንግዲህ የጾሙ ወራት በብዙ አካባቢ የሙቀቱ ወራት መሆናቸውን ልብ በሉ። እንቁላሉ የሚበላሸው፣ ቅርፊቱ የሚሳሳው፣ ገዢም የሚጠፋው በአንድ ሰሞን ነው። እንቁላል ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ይህን ክፍተት ለማለፍ የሚያስችል ዘዴ ጥናት ይፈልጋል። አንዳንድ ብልህ እናቶች ይህን ያውቁታል፤ በጾም መግቢያ እንቁላል መሸጥ ትተው ያስታቅፋሉ።

ስለ መጠቀም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ልጆቻችን 38 ከመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። እንቁላል ይህን ይለውጥ ይሆን? በኢኳዶር ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ለሆኑ ሕፃናት በቀን አንድ እንቁላል ለስድስት ወር ተሰጥቶ መቀንጨር በ47 ከመቶ እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ብዙዎቻችን በደስታ ጠቀስነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በማላዊ የተደረገው ተመሳሳይ ጥናት በቁመት ላይ ልዩነት አላገኘም፤ ከተሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ እነዚያ ሕፃናት ቀድሞውኑ ዓሣ ይመገቡ ነበር የሚለው ነው። ተማሪዎች፣ ሁለተኛውን ጥናት ሳትጠቅሱ የመጀመሪያውን አትጥቀሱ። እንቁላል ጥሩ ምግብ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ውጤቱ ግን ልጁ ሌላ ምን ይበላል በሚለው ላይ ይመሠረታል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ልጁ እንቁላሉን ማግኘት አለበት። ዶሮ ባለበት ቤት እንቁላሉ ተሸጦ ልጁ ሽሮ ብቻ የሚበላበት ጊዜ ብዙ ነው። እናቲቱን ለመውቀስ ከመቸኮላችን በፊት በዚያ እንቁላል ምን እንደገዛች እንጠይቅ።

የትኛዋ ዶሮ?

አሁን ወደ ተውነው ልዩነት እንመለስ፤ 50 ወይስ 300 እንቁላል? ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ፣ በቅርብ ጊዜም ቦቫንስ ብራውን፣ ሎማን ብራውን፣ ሳሶና ኮኮክ ወደ አርቢው ደርሰዋል። ኅዳር 2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም እንቁላልንና የዶሮ ሥጋን ከዋና ዋና ዘርፎቹ መካከል አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአየር ንብረት ለውጥን የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ደግሞ ከከብት ይልቅ ልቀቷ ዝቅተኛ የሆነችው ዶሮ በሥጋ ፍጆታችን ያላት ድርሻ እንዲያድግ ይፈልጋል። ሐሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን ዶሮ ልቀትን እንድትቀንስልን ከመጠየቃችን በፊት የመጣውን ሙቀት እንድትሸከም ማገዝ አለብን። ለልቀት ቅነሳ የምንመርጣት ዶሮ እህል በል ናት፤ ለመላመድ የምትመቸው ደግሞ ጭራ አዳሪዋ። ሁለቱ ግቦች ሁልጊዜ በአንድ ቆጥ አያድሩም።

አንገተ መላጣ የምንላት ዶሮ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ትሰጣለች። አንገቷን የገለጠው አንድ ነጠላ ዘረ መል ነው፤ ይኸው ዘረ መል በመላ አካሏ ያለውን ላባ በጉልህ ይቀንሳል። ሙቀት በቀላሉ ይወጣላታል፤ ለላባ ይውል የነበረው ፕሮቲንም ለሥጋና ለእንቁላል ይተርፋል። በገበያ ግን መልኳ ስለማይማርክ ዋጋዋ ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። ገበሬው በላባ ቀለምና በንቅራ ቅርጽ ሲመርጥ፣ ተመራማሪው በእንቁላል ቁጥር ሲመርጥ፣ ሙቀቱ ደግሞ በራሱ መስፈርት እየመረጠ ነው። እነዚህን ሦስት መራጮች ማስታረቅ የእርባታ ሳይንስ ሥራ ነው። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በሆሮ ዶሮ ላይ ለዓመታት የተካሄደው የተመረጠ እርባታ አገር በቀል ዶሮ ተሻሽላ ምርታማ ልትሆን እንደምትችል አሳይቷል። ዝርያዎቻችንን በጅምላ እያዳቀልን ካጠፋናቸው ነገ የምንፈልገውን ዘረ መል ከየት እናመጣዋለን?

ከቀላሉ ወደ ከባዱ

ለአርቢ ምክር ስንሰጥ ከማያስከፍለው ብንጀምር መልካም ነው። የዶሮ ቤት ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሁን፤ ፀሐይ ሰፊውን ጎን እንዳታገኘው። ግድግዳው ከወገብ በላይ በወንፊት ሽቦ ወይም በቀርከሃ ይከፈት። ቆርቆሮ ካለ በላዩ ሣር ይደረብበት ወይም ኖራ ይቀባ። መኖ በማለዳና በማምሻ ይሰጥ፤ የመፍጨት ሙቀቱ ከቀትሩ ሙቀት ጋር እንዳይገጥም። በሙቀት ወራት በአንድ ካሬ ሜትር የሚኖሩት ዶሮዎች ቁጥር ይቀንስ። ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ይተከል፤ ሽፈራው በሚበቅልበት አገር ቅጠሉም ለመኖ ይሆናል። ለማስታቀፍ የሚጠራቀም እንቁላል በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፣ ከሳምንት ብዙ አይለፍ። ለጫጩት ብርድ መከላከያ በጭድ የተሞላ ሣጥን ያለ መብራትና ያለ ከሰል ይሠራል።

ቀጥሎ የሚመጣው መንደርን የሚጠይቀው ነው፤ የክትባት ቀን፣ የጋራ መኖ ግዢ፣ ከአዝመራ ወቅት የሚገዛ በቆሎ በሚገባ ደርቆ መከማቸት። በእርጥበት የተከማቸ በቆሎ አፍላቶክሲን ያፈራልና። ከባዱ የመንግሥትና የእኛ ድርሻ ነው፤ ለዶሮ የሚሆን የአየር ትንበያ፣ ለአነስተኛ አርቢ የሚመች ብድርና ዋስትና፣ ሙቀትን በመስፈርትነት የያዘ የዝርያ ምርጫ። ዛሬ ብድሩ ሙሉ በሙሉ በአርቢው ትከሻ ላይ ነው። ዶሮው በሙቀት ሲሞት ዶሮ አቅራቢው ተከፍሎታል፣ መኖ ሻጩ ተከፍሎታል፣ ባለሙያው ደመወዙን በልቷል። ኪሳራው የሚቀረው ከሁሉ የደኸየው ዘንድ ነው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ አርቢዋንም እንዲሁ በመልካም ቃል ስበን በዕዳ እንዳንጥላት እሰጋለሁ። ሌላም ሥጋት አለኝ። ስድስቱ ዶሮ የሴቷ ነበር፤ ሁለት መቶ ሲሆን የቤቱ አባወራ ይረከበዋል። ምርቱ አድጎ የእናቲቱ መሶብ ከጎደለ አደገ የምንለው ምን እንደሆነ ደግመን እንጠይቅ።

ለተማሪዎች

ንግግሬን የማጠቃልለው ወደ ሁለቱ ቃላት በመመለስ ነው። «የአያያዝ ጉድለት» ብላችሁ ልትጽፉ ብዕር ስታነሡ፣ እባካችሁ አራት ጥያቄ ጠይቁ። በዚያ ሳምንት ሙቀቱ ስንት ዲግሪ ነበር? ቤቱን ማን ነደፈው? ክትባቱ መንደሩ ድረስ መጥቶ ነበር? ውኃው ምን ያህል ይርቃል? እነዚህን ሳትመልሱ የጻፋችሁት ምክንያት ምክንያት አይደለም፤ ፍርድ ነው።

እኚያን እናት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሜ ጎብኝቻቸዋለሁ። የሠራሁላቸው ቤት ግድግዳው ግማሽ ፈርሶ በቀርከሃ ተተክቷል፤ ጣሪያው በሣር ተሸፍኗል። ውስጡ የአበሻና የውጭ ዝርያ የተዳቀሉ ዶሮዎች ነበሩ። ማን እንዳስተማራቸው ስጠይቃቸው፣ «አንተ ነህ እንጂ፤ ሲሞቱ እያየሁ ተማርሁ» አሉኝ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። የፍየሎቹን ዋጋ ግን ማንም አልመለሰላቸውም። የእኛ ዕውቀት የሚገኘው በእነርሱ ኪሳራ መሆኑ እንዲያበቃ ብትሠሩ፣ ይህ የትምህርት ዘመናችሁ ፍሬ አፍርቷል ማለት ነው።

እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይላሉ አባቶች። ለመሄድ ግን በመጀመሪያ ሳይሰበርና ሳይበላሽ መፈልፈል አለበት። ያንን ማድረግ የእኛ ፈንታ ነው።

ጥያቄና አስተያየት ካለ፣ በተለይም የሚቃወመኝ ካለ፣ በደስታ እቀበላለሁ።